በዘር መጠርጠርና የመንግሥት ምክር

በመንግሥት ሥራ ላይ ከሚደርሱት ፈተናዎች ሁሉ ብርቱው፥ ፍርሃትና ጥቅም ተባብረው ምክር መስለው የሚቀርቡበት ጊዜ ነው። ፍርሃት ብቻውን የመጣ እንደ ሆነ ማስረጃ ሲቀርብለት ይረጋል፤ ጥቅምም ብቻውን የመጣ እንደ ሆነ ራቁቱን ስለሚታይ ያፍራል። ሁለቱ አንድ ልብስ ለብሰው በአገር ፍቅር ስም ከሹም ፊት የቆሙ እንደ ሆነ ግን ብልህ የተባለውን ሰው እንኳ ያስታሉ። በዚያን ጊዜ «ማን ምን አደረገ?» የሚለው ጥያቄ ይቀርና «ይህ ሰው ከማን ተወለደ?» የሚለው በቦታው ይተካል።

የዚህ ነገር ምሳሌው ጥንታዊ መሆኑን ሊቃውንት ያውቁታል። ፈርዖን እስራኤልን ለማስጨነቅ በተነሣ ጊዜ ምክንያት ያደረገው የሠሩትን በደል አልነበረም፤ ጦርነት ቢመጣ ከጠላት ጋራ ያብሩ ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ ነው እንጂ። ሐማም በአንድ ሰው ላይ የነበረውን የግል ቂም የመንግሥት ጥቅም አስመስሎ በንጉሡ ፊት ባቀረበ ጊዜ በሕዝብ ሁሉ ላይ አዞረው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ታሪክ ግን በጥንት ነገሥታት ዘመን የሆነ አይደለም። ሕገ መንግሥት በጸናበት፥ ፍርድ ቤት ክፍት በሆነበት፥ ጋዜጣ በነጻ በሚታተምበት በአሜሪካ፥ ከ80 ዓመት በፊት የተፈጸመ ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጃፓኖች ወደ አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ በብዛት መሰደድ የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። አብዛኞቹ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ መሬቱን አቅንተው አትክልትና ፍራፍሬ በማብቀል ኑሯቸውን አደላደሉ። ሥራቸው በተቃና መጠን ግን የጎረቤቶቻቸው ቅናት እየበረታ ሄደ። በ1913 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ፥ ዜጋ ሊሆኑ የማይፈቀድላቸው የውጭ አገር ሰዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ከለከለ። በ1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦዛዋ ጉዳይ ላይ፥ ጃፓናዊ ነጭ ስላልሆነ ዜግነት ሊሰጠው አይችልም ብሎ ፈረደ። በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግም ከጃፓን የሚመጣውን ሰው በሩን ዘጋበት። ልጆቻቸው ግን በአሜሪካ መሬት ስለ ተወለዱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ዜጎች ነበሩ። እንግዲህ አንባቢ ይህን ያስተውል፤ አባቶቹ ዜጋ እንዳይሆኑ የከለከለው መንግሥቱ ራሱ ነው፤ ኋላ ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን ያው መንግሥት ዜጋ አለመሆናቸውን ለጥርጣሬ ምክንያት አደረገው።

በዲሴምበር 7 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች በሐዋይ የሚገኘውን የፐርል ሀርበርን የጦር ወደብ በድንገት መቱ። ድንጋጤው እውነተኛ ነበረ፤ ጃፓን በእስያ ድል በድል ላይ ስትጨምር በጠረፍ የሚኖር ሰው ቢፈራ አያስነቅፈውም። መንግሥት ግን ከፍርሃት የሚሻል ዕውቀት በእጁ ነበረው። ከጥቃቱ በፊት ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲባል የጠረፉን ነገር የመረመረው ከርቲስ መንሰን፥ የጃፓን ተወላጆች አብዛኞቹ ለአሜሪካ ታማኞች መሆናቸውን ጽፎ ነበር። የባሕር ኃይል የስለላ መኮንን የነበረው ኬኔት ሪንግልም በጃንዋሪ 1942 ባቀረበው መግለጫ፥ ሊያሠጉ የሚችሉት ከመቶ 3 እንደማይሞሉ፥ ከእነዚህም የሚበዙት አስቀድመው በስም የታወቁ እንደ ሆኑ፥ ስለዚህም ነገሩ በእያንዳንዱ ሰው ጠባይ እንጂ በዘር ሊመዘን እንደማይገባው አመለከተ። የፌዴራል ምርመራ ቢሮም ከጥቃቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ በስም የለያቸውን ከ1,000 የሚበልጡ ጃፓኖች ያዘ። የቢሮው አለቃ ኤድጋር ሁቨር፥ ለሰው የሚራራ ተብሎ የማይታማው ሰው እንኳ፥ ሕዝቡ በጅምላ ይውጣ የሚለው ጥያቄ በማስረጃ ላይ ሳይሆን ይልቁን በሕዝብና በፖለቲካ ግፊት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ለፍርድ ሚኒስትሩ ጻፈ።

ዕውቀቱ ይህን ያህል ግልጽ ከነበረ ምክሩ ስለ ምን ተለወጠ? ለዚህ መልስ የሚሆነው በጠረፉና በዋና ከተማው መካከል የነበረው የሰዎች ግንኙነት ነው። በጃንዋሪ መጨረሻ በዳኛው ኦወን ሮበርትስ የሚመራው ኮሚሲዮን ስለ ፐርል ሀርበር ባወጣው መግለጫ በሐዋይ ሰላዮች እንደ ነበሩ በጠቀሰ ጊዜ ጋዜጦች ነገሩን አራገቡት። ከጃፓን ገበሬዎች ጋራ በገበያ የሚፎካከሩት ነጭ አብቃዮችም ጊዜው እንደ ተመቻቸው አዩ። የሳሊናስ አትክልት አብቃዮች ማኅበር ሹም በዚያው ዓመት ለአንድ መጽሔት ሲናገር፥ ጃፓኖቹ እንዲወጡ የምንፈልገው ለራሳችን ጥቅም ነው ብሎ ሳያፍር ገለጠ። አብቃዮቹ እንደራሴዎቻቸውን ገፉ፤ እንደራሴዎቹም የመራጮቻቸውን ድምፅ እያሰቡ የጦር ሹማምንቱን ገፉ። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1942 የምዕራብ ጠረፍ የምክር ቤት አባሎች የጃፓን ዘር ያለበት ሰው ሁሉ ከጠረፉ እንዲወጣ ለፕሬዚዳንቱ ማመልከቻ አቀረቡ። የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ኧርል ዋረንም በዚያው ዓመት ለአገረ ገዥነት ይወዳደር ነበር፤ ጃፓኖች በጦር ሥፍራዎች አጠገብ መሬት ይዘዋል ሲል ካርታ ዘርግቶ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት መሰከረ፤ በኖቬምበርም ተመረጠ።

የምዕራብ ጠረፍ የጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ጆን ዴዊት በዲሴምበር 1941 አሜሪካዊ ዜጋ ምንም ቢሆን ዜጋ ነው ሲል በጅምላ ማስወጣትን ተቃውሞ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ አሳቡ ተገለበጠ። ከዋሽንግተን የተላከለት የሕግ ዐዋቂ መኮንን ካርል ቤንደትሰን የማስወጣቱን ዕቅድ አሰናዳለት፤ የአገሩ ፖለቲከኞችም ዕረፍት ነሡት። በፌብሩዋሪ 14 ቀን በጻፈው የምክር ደብዳቤ ላይ ዴዊት፥ እስከ ዛሬ አንዳች ጥፋት አለመድረሱ ወደፊት ጥፋት እንደሚደርስ የሚያረጋግጥ ምልክት ነው የሚል ቃል አሰፈረ። ዳኞች የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ቃል መዝኑት። ጥፋት ቢገኝ ወንጀለኛ ያሰኛል፤ ጥፋት ባይገኝም ወንጀለኛ ያሰኛል። እንዲህ ያለው ክስ ባለበት ዘንድ ንጹሕ ሰው ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ምንም መንገድ የለም።

የፍርድ ሚኒስትሩ ፍራንሲስ ቢድልና ረዳቶቹ ነገሩን ተቃውመው ነበር። ቢድል ግን በሹመቱ ገና አዲስ ነበረ፤ የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ደግሞ በዕድሜም በክብርም የገነነ አዛውንት ነበረ። በፌብሩዋሪ 11 ቀን ስቲምሰን ለፕሬዚዳንቱ በስልክ በነገረው ጊዜ፥ ፕሬዚዳንቱ ነገሩን ለጦር ሚኒስቴር ትቶ በተቻለ መጠን በምክንያት እንዲሠሩ ብቻ አሳሰበ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን ማታ በቢድል ቤት በተደረገው ስብሰባ ላይ ጄኔራል አለን ጋሊየን የተዘጋጀውን ትእዛዝ ከኪሱ አውጥቶ አነበበ፤ ቢድልም ተቃውሞውን ተወ። ከሁለት ቀን በኋላ፥ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942፥ ፕሬዚዳንቱ በቁጥር 9066 ትእዛዝ ላይ ፈረመ። ትእዛዙ ጃፓን የሚል ቃል የለበትም፤ የጦር አዛዦች ከሚከልሉት ሥፍራ ማናቸውንም ሰው ለማስወጣት ሥልጣን ይሰጣል የሚል ብቻ ነው። ጽሑፉ በወረቀት ላይ ለሁሉ እኩል ነበረ፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን በአንድ ዘር ላይ ብቻ በጅምላ ወደቀ።

እንደዚህም ሆኖ 120,000 ያህል ሰዎች፥ ከእነርሱም ከሦስቱ እጅ ሁለቱ የአሜሪካ ዜጎች፥ ያለ ክስና ያለ ፍርድ ከቤታቸው ወጡ። የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት በ1940 የተቆጠሩት ጃፓኖች በየትኛው ሰፈር እንደሚኖሩ የሚያሳይ ዝርዝር ለጦሩ ሰጠ፤ ለበጎ ሥራ የተጻፈው መዝገብ የማደኛ መሣሪያ ሆነ። ሰዎቹ በእጃቸው ሊሸከሙት የሚችሉትን ብቻ እንዲይዙ ታዘዙ፤ የቀረውን ንብረታቸውን ገዢ በጠራው ዋጋ ሸጡት፥ ወይም ጥለውት ሄዱ። ብዙዎቹ መጀመሪያ በሳንታ አኒታና በታንፎራን የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳዎች ፈረሶች በነበሩበት በረት ውስጥ ሰነበቱ፤ ከዚያ በኋላ በበረሃና በረግረግ ወደ ተሠሩት 10 ሰፈሮች፥ ወደ ማንዛናር፥ ወደ ቱሊ ሌክ፥ ወደ ፖስተን፥ ወደ ሃርት ማውንቴንና ወደ ሌሎቹ ተጋዙ። ሰፈሮቹ በሽቦ የታጠሩ ነበሩ፤ ወታደሮችም ከማማ ላይ ሆነው ይጠብቋቸው ነበር።

ምክንያቱ ጦርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ለሁሉ አንድ በሆነ ነበር። አሜሪካ ከጀርመንና ከኢጣልያ ጋራ ትዋጋ ነበርና በግል የተጠረጠሩ ብዙ ጀርመኖችና ኢጣልያኖች ታስረዋል፤ ነገር ግን ዜጎች የሆኑ ልጆቻቸው በዘራቸው ምክንያት በጅምላ አልተጋዙም። ስመ ጥሩው የቤዝቦል ተጫዋች ጆ ዲማጂዮ ወላጆቹ የኢጣልያ ዜጎች ስለ ነበሩ፥ እነርሱ ቢወጡ ምን ይባላል የሚል ክርክር በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ተነሣ። በኦክቶበር 12 ቀን 1942፥ የምክር ቤት ምርጫ ሊደረግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፥ ፍርድ ሚኒስቴር ኢጣልያኖች ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ጠላት አይቆጠሩም ሲል አስታወቀ። ኢጣልያኖች በየከተማው ብዙ መራጮች ነበሯቸው፤ በጠረፍ የሚኖሩት የጃፓን ሽማግሌዎች ግን ከዜግነት ስለ ተከለከሉ ድምፅ አልነበራቸውም፥ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ ለምርጫ ዕድሜ ገና አልደረሱም ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የሐዋይ ነገር ነው። ጥቃቱ የደረሰው በሐዋይ ነው፤ በዚያ የነበሩትም የጃፓን ተወላጆች 158,000 ያህል፥ ማለት ከሕዝቡ ሲሶ የሚበልጡ ነበሩ። እነርሱ ቢወጡ ግን ወደቡም እርሻውም ሥራ ያቆም ነበርና የጦር አዛዡ ጄኔራል ዴሎስ ኤመንስ የጅምላውን ማስወጣት ተቃወመ፤ የታሰሩት ከ2,000 አልበለጡም። በሐዋይ ያስፈልጉ ስለ ነበር ታማኞች ተባሉ፤ በካሊፎርኒያ ቦታቸው ስለ ተፈለገ ከሐዲዎች ተባሉ። የመንግሥታት መወዳጀትም የራሱን ሥራ ሠራ፤ ከላቲን አሜሪካ፥ ይልቁንም ከፔሩ፥ ከ2,000 የሚበልጡ ጃፓኖች በመንግሥቶቻቸው ፈቃድ ተይዘው ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ ከጃፓን ጋራ ለሚደረገው የእስረኛ ልውውጥ መለወጫ እንዲሆኑ ታስበው ነበርና።

ፍርድ ቤቱም መጠጊያ አልሆነም። ፍሬድ ኮሬማትሱ የሚባል ወጣት ከቤቴ አልወጣም ብሎ ተከሶ በዲሴምበር 18 ቀን 1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ድምፅ ፈረደበት፤ 3 ዳኞች ተቃወሙ። ከተቃወሙት አንዱ ሮበርት ጃክሰን፥ እንዲህ ያለው ፍርድ ለሚመጣው ባለሥልጣን ሁሉ ተጎርሶ እንደ ተቀመጠ ጠመንጃ ነው ሲል አስጠነቀቀ። ለዳኞቹ የቀረበላቸው ነገር ግን የተሟላ አልነበረም። የመንግሥት ጠበቆች የሪንግልን መግለጫ ደብቀውት ነበር። ጄኔራል ዴዊት በ1943 የጻፈው የመጨረሻ መግለጫ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ፥ ጊዜ ቢገኝም እንኳ የዚህን ዘር ታማኙን ከከሐዲው መለየት አይቻልም የሚል ነበረ፤ የጦር ሚኒስቴር ሹማምንት ይህ ቃል በፍርድ ቤት እንደሚጐዳቸው ባዩ ጊዜ «ጊዜ አልነበረም» ወደሚል አስለወጡትና የቀድሞውን ቅጂ አቃጠሉት። ስቲምሰን በሜይ 1944 ሰዎቹ ያለ ሥጋት ሊመለሱ እንደሚችሉ ለሚኒስትሮች ጉባኤ አስታውቆ ነበር፤ የፕሬዚዳንቱ ምርጫ በኖቬምበር እስኪያልፍ ድረስ ግን ነገሩ ተንጠለጠለ። የክልከላው መነሣት የታወጀው በዲሴምበር 17 ቀን፥ ከፍርዱ አንድ ቀን በፊት ነው። ለሰባት ወር ያህል ሕፃናትና ሽማግሌዎች በሽቦ ውስጥ የቆዩት ከጠላት የተነሣ አይደለም፤ ከምርጫ የተነሣ ነው።

በዚህ ጊዜ ሁሉ የታሰሩት ቤተሰቦች ልጆች በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሥር በኢጣልያና በፈረንሳይ ይዋጉ ነበር። ከሐዋይና ከእስር ሰፈሮች ወጣቶች የተሰበሰበው 442ኛው ክፍለ ጦር ከአሜሪካ ጦር ሁሉ ብዙ ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። ከሹማምንትም ወገን ደፋር አልታጣም። የኮሎራዶ አገረ ገዥ ራልፍ ካር፥ በዘራቸው ምክንያት ዜጎችን ማሰር ሕገ መንግሥቱን ማፍረስ ነው ሲል በአደባባይ ተናገረ፤ በ1942 ለሴናት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ዋረን ግን አገረ ገዥ፥ ኋላም በ1953 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከሞተ በኋላ በታተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ስለዚያ ሥራው እንደ ተጸጸተ ጽፎ ተገኘ።

እውነቱ ወደ ብርሃን የወጣው ዘግይቶ ነው። በ1980 በሕግ የተቋቋመው ኮሚሲዮን ነገሩን መርምሮ፥ በጠረፍ ከኖሩት የጃፓን ተወላጆች የስለላ ወይም የማጥፋት ሥራ እንደ ሠራ በማስረጃ የተረጋገጠበት አንድ ሰው እንኳ እንዳልነበረ አስታወቀ፤ የበደሉንም ምክንያት የዘር ጥላቻ፥ የጦርነት ድንጋጤና የመሪዎች ድካም ነው ብሎ ደመደመ። ከእሳቱ የተረፈው የዴዊት መግለጫ ቅጂ በ1982 በመንግሥት ቤተ መዛግብት ተገኘ፤ በ1983 የኮሬማትሱ ፍርድ ተሻረ። በ1988 የወጣው ሕግ መንግሥቱ ይቅርታ እንዲጠይቅና በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል አዘዘ። ይህን ሕግ ካሳለፉት መካከል ኖርማን ሚኔታና አለን ሲምፕሰን ይገኛሉ። ሚኔታ በልጅነቱ በሃርት ማውንቴን ታስሮ ነበር፤ ሲምፕሰን የዚያው አገር ልጅ ነበረ፤ ሁለቱ በሽቦው ውስጥ በቦይ ስካውት ስብሰባ ተገናኝተው ወዳጆች ሆኑ፥ ከብዙ ዘመን በኋላም አንዱ በታችኛው ምክር ቤት ሌላው በሴናት ለአንድ ሕግ ቆሙ። በደሉን ያመጣው የሰዎች ግንኙነት እንደ ነበረ ሁሉ፥ የካሣውንም መንገድ ያቃናው የሰዎች ግንኙነት ነው።

ያ ሚኔታ በ2001 ኒው ዮርክና ዋሽንግተን በአውሮፕላን በተመቱ ጊዜ የመጓጓዣ ሚኒስትር ነበረ፤ አየር መንገዶች መንገደኛን በዘሩና በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳይለዩ ከለከለ። ሆኖም በ2002 የወጣው የምዝገባ ሥርዓት፥ ከ25 አገሮች፥ አብዛኞቹም እስላሞች ከሚበዙባቸው፥ የመጡ ወንዶች ሁሉ ቀርበው የጣት አሻራቸውን እንዲሰጡ አዘዘ፤ ከአፍሪካ ቀንድ ኤርትራና ሶማልያ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ከ80,000 የሚበልጡ ሰዎች ቀርበው ተመዘገቡ፤ ከ13,000 የሚበልጡትም ከአገር እንዲወጡ ክስ ተመሠረተባቸው፤ በዚህ ምዝገባ ተገኝቶ በሽብር ወንጀል የተፈረደበት ሰው ግን አልታወቀም። ሥርዓቱ በ2011 ቆሞ በ2016 ፈጽሞ ተሰረዘ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከተወሰኑ አገሮች የሚመጡ ሰዎች እንዳይገቡ የሚከለክለውን የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በ5 ድምፅ ሲያጸና፥ በዚያው ቀን የኮሬማትሱ ፍርድ ከተሰጠ ጀምሮ ብርቱ ስሕተት እንደ ነበረ ገለጠ። የተቃወሙት ዳኞች ግን የድሮው ስሕተት በአዲስ ልብስ ተመልሷል አሉ።

ከዚህ ታሪክ ለመንግሥት ሠራተኛ የሚተርፈው ትምህርት ረዥም አይደለም። አንደኛ፥ በአንድ ወገን ሕዝብ ላይ ምክር ሲቀርብ መካሪው ከምክሩ ምን እንደሚያገኝ ይመርመር፤ ቦታውን፥ ገበያውን ወይም ድምፁን የሚፈልግ ሰው የጸጥታ መካሪ ሊሆን አይገባውምና። ሁለተኛ፥ ማስረጃ መታጣቱን ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ከጠረጴዛ ላይ ሳይውል ሳያድር ይመለስ። ሦስተኛ፥ ሕጉ በቃሉ ለሁሉ የተጻፈ ቢሆንም በሥራ ላይ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይታይ፤ ኃይለኛ ወገን ያለው እየታለፈ ወገን የሌለው ብቻ ከተያዘ፥ የተመዘነው አደጋ ሳይሆን የሰው ክብደት ነው። አራተኛም፥ እውነቱን የሚያውቅ ሹም እውነቱን ጽፎ ብቻ አይቀመጥ፤ ሪንግል ጽፎ ነበር፥ ሁቨር ጽፎ ነበር፥ ቢድልም ተከራክሮ ነበር፤ የመጨረሻዋ ማታ በመጣች ጊዜ ግን ትእዛዙ ከኪስ ሲወጣ አይሆንም ብሎ የጸና አልተገኘም።

ሕዝብን በዘሩ የሚጠረጥር መንግሥት ጠላቱን አያገኘውም፤ ጠላት የሚሸሸገው መንግሥት ከሚመለከትበት በስተጀርባ ነውና። የሚያገኘው ወዳጆቹን ነው፤ እነርሱንም ካገኛቸው በኋላ ያጣቸዋል። ስለዚህ ማኅተም በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ ከመፈረሙ በፊት፥ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሰው ሥራ ነውን ወይስ የሰው ትውልድ ብሎ ራሱን ይጠይቅ።